ዝምታቸውን ዜሮ ብዬ የመዘገብሁበት ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ስሟ በዝርዝሩ ላይ አራተኛ ነው። ታደለች። የአባቷን ስም ሳላነብ አወቅኋት።

የሴቶች ሥልጠና አስተባባሪ ለመቅጠር ያወጣነው ማስታወቂያ ባለፈው ሳምንት ተዘግቶ የአመልካቾቹ ዝርዝር ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። የመምሪያው ኃላፊም የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢም እኔ ነኝ። ስብሰባው ዓርብ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ ወረቀቱን ይዘው ሲገቡ ጣታቸውን አራተኛው ስም ላይ አሳርፈው፣ «ይቺኛዋ እንኳ አታደክመንም፤ ፋይሏ ውስጥ የእርስዎ ደብዳቤ አለ» አሉኝ።

ደብዳቤውን አስታውሳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ታደለች በመምሪያችን በኮንትራት የተቀጠረች አሠልጣኝ ነበረች። ከጉኑኖ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ሃያ የሚሆኑ ወጣት ባለትዳር ሴቶችን ሦስት ወር አስተማረች። ዋናው ትምህርት እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ መከላከል ነበር፤ የጓሮ አትክልትና የዶሮ እርባታ በተጨማሪነት ገብተዋል። በመዝጊያው ዕለት ውጤቱን ለመመዘን እኔ ራሴ ሄድሁ። ጥያቄዎቹን በገዛ ቋንቋቸው በወላይትኛ አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። ስለ እንሰቱ በሽታ ስጠይቃቸው መሬት መሬት አዩ። አንዲትም አፏን አልከፈተችም። በማግስቱ «በዋናው ዓላማ ረገድ የተገኘ ውጤት የለም፤ አሠልጣኟም ኃላፊነቷን አልተወጣችም» ብዬ ጻፍሁ። ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀረ።

ያን ጊዜ አዝኜ ነበር፤ ተጠራጥሬ ግን አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ደብዳቤው ልክ እንደነበረ አምናለሁ። ጨዋ ልጅ ነበረች። ጨዋነት ብቻውን ግን አሠልጣኝ አያደርግም።

ነገ የምሄደው ወደዚያችው ቀበሌ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ የአዲሱ ዓመት የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ተራው ደርሷታል። የምይዘው፦ መጠይቁ፣ ጃንጥላ፣ የጭቃ ጫማ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር የተጻፈው ደብዳቤ፣ የጉልበቴ ቅባት። ባለፈው ሳምንት በሄድንባቸው ሁለት ቀበሌዎች ሴቶቹ «ያስፈልገናል» ያሉት ሁሉ ሊቀመንበሮቹ ቀድመው ከነገሩን ጋር ቃል በቃል አንድ ነበር። ደስ አላለኝም። ለአዋሳ የሚላከው ሪፖርት ግን ቀን ተቆርጦለታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከቀበሌዋ አሁን መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ዳሰሳው በእማማ ባሎቴ ግቢ ተደረገ፤ የማሠልጠኛው አዳራሽ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ሴቶቹ ሳር ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ወንበር ተሰጠኝ። «ምን ብትማሩ ኑሯችሁን ይጠቅማል?» አልሁ። «ዶሮ፣ ምድጃ፣ ካሮት» አሉ ባንድ ድምፅ። ባለፈው ሳምንት በሁለቱ ቀበሌዎች የሰማሁት ዝርዝር ያው ነው። አንዷን ለይቼ «ካሮት ትወጃለሽ?» ብላት፣ «እኔስ በልቼው አላውቅም፤ ሊቀመንበሩ ግን ይወዳል» አለችና ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና «ካሮት» ብዬ ሞላሁ። ልማድ ክፉ ነው።

መቀመጫ ላጡት ቅጠል ይምጣ ተባለ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርሁ። አመነች የምትባለው የቤቱ ምራት የእንሰት ቅጠል እየቆረጠች ነበር። አጠገቧ በገል ላይ ፍም አለ። ከአንዱ እንሰት ቆርጣ ወደሚቀጥለው ከመሄዷ በፊት ቢላዋዋን ፍሙ ላይ እያገላበጠች ታቆየዋለች። ቸኩላ ነበር፤ እንግዳ እየጠበቃት። ቢሆንም አንድም ጊዜ አልዘለለችውም።

«ለምን ታቃጥይዋለሽ?» አልኋት።

«በሽታው በስለት ነዋ የሚሄደው! የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ይገድለዋል።»

የፈተናው አራተኛ ጥያቄ መልስ ነው። ከሞላ ጎደል ቃል በቃል።

«ማን አስተማረሽ?»

«ታደለች ናታ። እርስዎስ መጥተው ጠይቀውን አልነበረም?»

ፊቷን አየሁት። ያን ዕለት ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። «ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

በክንዷ አፏን ከልላ ሳቀች። «አማቴ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ? ቢላዋው የእሷ፣ እንሰቱ የእሷ። ተነሥቼ ‹እንሰት የሚገድለው ያልጸዳ ቢላዋ ነው› ልበላ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ያንን ሁሉ እንሰት የፈጀሽው አንቺ ነሽ› ማለት እኮ ነው። ከዚያስ እርስዎ ቤት ልገባ ነበር?»

ቅጠሉን እየደረደረች ቀጠለች። ከሥልጠናው በኋላ አማቷ ገበያ ስትወርድ ብቻ ቢላዋውን በድብቅ በእሳት ታሳልፈው ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። የጎረቤቶቹ እንሰት እየጠወለገ ሲወድቅ የእነሱ ቆመ። አማቷ ባሎቴ አየች፤ ምንም አልተናገረችም። አንድ ጠዋት አመነች ወደ ጓሮ ስትወጣ ግን ቢላዋው አጠገብ ፍም ተቀምጦ አገኘች።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። እስከ ዛሬም ምንም አላለችኝም። ፍሙን ግን በየጠዋቱ ታወጣልኛለች።»

እማማ ባሎቴ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ትክ ብለው አዩኝና፣ «አንቺ ያን ጊዜ ልጆቻችንን ያስጨነቅሻቸው ሴትዮ አይደለሽም?» አሉ። ነኝ አልሁ። «አጠገቤ የነበረችው ሴት ምራቷ ዝም ስትል ‹የእኔዋ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!› ብላ ጎነተለችኝ። የእኔዋስ? አልኋት። ሁሉም አኮሩን ያን ቀን።»

እኔ ዜሮ የሰጠሁት ዝምታ በእነሱ ዘንድ ሙሉ ነጥብ ነበር። መኪናው ውስጥ ሆኜ ይህን ሳስብ ፊቴ ጋለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጓሮዎች ቆጠርሁ። ጎረቤቶቹም አይተው ሳይለምዱት አልቀሩም፤ ከዚያች ቀበሌ እስክንወጣ ድረስ እንሰቱ ቆሟል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጠዋት መዝገብ ቤት ገብቼ የያን ጊዜውን የፈተና ወረቀት አስወጣሁ። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። አሥር ጥያቄ። ስለ ዶሮ የተጠየቁትን መልሰዋል። ስለ አትክልት የተጠየቁትን መልሰዋል፣ ያውም በሚገባ። ባዶ የቀሩት አራቱ ብቻ ናቸው፤ አራቱም ስለ እንሰትና ስለ ቢላዋ። አዲሱ ዶሮ የምራቲቱ ነው፣ አዲሱ ካሮትም የምራቲቱ። እንሰቱ የአማት ነው። ጉዳዩ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ደምሬ አካፈልሁ እንጂ አላነበብሁትም።

ትናንት ያልጻፍሁትን ዛሬ ልጻፍ፤ ለራሴ ካልተናዘዝሁ ለማን እናዘዛለሁ? አማቶቹን የጋበዝኋቸው እኔ ነኝ። የሥልጠናው ዕቅድ ውስጥ አልነበሩም። «እናቶች ሳይከበሩ ሴት ልጅ አትከበርም» የሚል ንግግር አዘጋጅቼ ስለነበር የክብር እንግዶች ይሁኑ ብዬ ወንበር አስደረደርሁ። ንግግሬም ተጨበጨበለት። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ገና ፈተናው ሳይጀመር ታደለች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ወይዘሮ አስቴር፣ እናቶቹን ሻይ እየጠጡ ውጭ ብናቆያቸውስ?» ብላኝ ነበር። «እኔ እናቶችን ከበር አልመልስም» አልኋት። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ ፊተኞቹ ወንበሮች እንዲሰሙኝ። ተሰማሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ይህን አራት ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር? ወይስ ያስቀመጥሁበትን አላውቅ ብዬ ነው?

እኔ ራሴ ምራት አልነበርሁምን! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦዲቲ እናቱ ቤት በኖርንባቸው ሰባት ዓመታት ወጡ ጨው እንደሚያንሰው እያወቅሁ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልሁም። እናቱ እስኪያርፉ ድረስ እንደዚያው በላነው። ያን ጊዜ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ በእሳቸው ፊት «ወጥ ስንት ጨው ይፈልጋል?» ቢለኝ ምን እመልስ ነበር? እኔም መሬት መሬት አይ ነበር። ይህን ለማወቅ ዳሰሳ አያስፈልግም፤ ትዝታ ይበቃል። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ምራትነት ይረሳል መሰለኝ።

አቶ ማርቆስ ዘንድ ሄጄ፣ ደብዳቤው ከፋይሏ የሚወጣበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ለእርስዎማ ምን ገዶን! ፋይል ሲዛወር ስንት ወረቀት ይጠፋል» አሉ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስደነገጠኝ። እስከ ነገ እንዲቆዩኝ ለመንኋቸው።

ዛሬ ያደረግሁት አንድ ደህና ነገር፦ የሦስቱን ቀበሌዎች የፍላጎት ዳሰሳ ሪፖርት ወደ አዋሳ እንዳይላክ አገድሁ። «ካሮት» ብዬ የሞላሁትንም በእጄ ሰረዝሁ። ባለሙያዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ጠያቂዋ ሴቶቹን አልጠየቀችም» አልኋቸው። እየቀለድሁ መሰላቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሻንቶ ሄጄ ታደለችን አገኘኋት።

የምትሠራው ዘርና የእርሻ መሣሪያ በሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሸምሱ ይባላል፤ ስልጤ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። ማን እንደሆንሁ ስነግረው፣ «ይቺን ልጅ ሊወስዱብኝ እንዳይሆን! ደንበኛ እኮ ለዘሬ አይመጣም፤ ለምክሯ ነው የሚመጣ። እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ቢላዋ ልትገዛ መጣች። ታደለች ቢላዋውን በወረቀት ስትጠቀልልላት በእሳት እንዴት እንደምታሳልፈው ነገረቻት። ሴትዮዋ አልተፈተነችም፤ ታደለችም አልተመዘነችም። በጣም ቀላል ነበር።

ሸምሱ ጀርባውን ሰጥቶን የወረቀት ሥራ ያለው መሰለ። እኔም የመጣሁበትን ነገርኋት። አመነችን፣ ፍሙን፣ የእማማ ባሎቴን ንግግር። ስለ ፍሙ ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያው ደረቀ።

«ያን ቀን ነግሬዎት ነበር» አለች።

«ነግረሽኛል።»

«ሰምተውኝም ነበር።»

«ሰምቼሻለሁ።»

ሰው ሲከሰስ «አላወቅሁም» የሚላት ቃል እንዴት ያለች መጠጊያ እንደሆነች ዛሬ ገባኝ። እኔ እሷም የለችኝ።

ደብዳቤው ከፋይሏ እንዲወጣ ማድረግ እንደምችል ነገርኋት። ስጦታ ይዤላት የመጣሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር፤ ይህንንም ልሰውረው አልችልም። ራሷን ነቀነቀች። «አይውጣ። ደብዳቤው ከጠፋ እኔ ለምን እንደተባረርሁ ማን ያውቃል? አራት ዓመት ሱቅ ውስጥ የቆምሁት ሱቅ ወድጄ ይመስላል። ይቀመጥ። አጠገቡ ሌላ ይቀመጥ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን። ጎበዝ ናት ምናምን አይበሉ። የሆነውን ብቻ።»

ልወጣ ስል ተከትላኝ እስከ በሩ መጣች። የምትናገረው ያላት መሰለኝ። «አመነች ወለደች?» ነው ያለችኝ። ሁለት፣ አልኋት። ፈገግ አለች። ስለ ሥራው፣ ስለ ነገው ስብሰባ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። እጇ ግን የሱቁን መጋረጃ ጫፍ ይዞ ሲያፍተለትል አይቻለሁ። ሥራውን ትፈልገዋለች። እጅግ አድርጋ ትፈልገዋለች።

ቢሮ ተመልሼ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ «የምዘናው ሁኔታ አመቺ ባለመሆኑ» ብሎ ይጀምራል። ቀደድሁት። ሁለተኛው «የአካባቢው ባህል» ላይ አሳበበ። እሱንም ቀደድሁት። ሦስተኛው ይኸው ነው፦ «ሠልጣኞቹን በአማቶቻቸው ፊት እንዲፈተኑ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሠልጣኟ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ዝምታቸውን እንደ አለማወቅ ቆጥሬ የጻፍሁት ምስክርነት ስህተት ነው። ትምህርቱ ዛሬም በጓሯቸው እየተሠራበት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።» ፈረምሁ። ማኅተም አስደረግሁበት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጻፍኋቸው ሁሉ አጭሩ ደብዳቤ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ደብዳቤውን ለአባላቱ አነበብሁ። ሰብሳቢነቱን ለአቶ ማርቆስ አስረክቤ፣ በዚህች አመልካች ጉዳይ ድምፅ መስጠት እንደማይገባኝ ገልጬ ለመውጣት ተነሣሁ። አቶ ማርቆስ ደንግጠዋል። «ወይዘሮ አስቴር፣ የሚመጣው ወር ግምገማ ነው። ይህን ወረቀት ይዘው የሚነሡብዎ ሰዎች እንዳሉ ጠፍቶዎት ነው?» አሉኝ። አልጠፋኝም። «ይነሡ» አልሁ። ድምፄ እንዳሰብሁት አልጠነከረም።

ኮሪደሩ ላይ፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። በዚህ ሕንፃ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ተቀምጬበት አላውቅም። አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ያጋድላል። አጠገቤ የመሬት ጉዳይ ይዘው የመጡ ሽማግሌ፣ «አንቺም ቀጥረውሽ ጠፉ?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። «ኃላፊዋ ሴት ናት አሉ፤ ታዝንልን ይሆናል» ብለው አጽናኑኝ።

አቶ ማርቆስ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ወጡ። ፊታቸውን አይቼ አወቅሁት። ኮሚቴው አዲሱን ደብዳቤ ተቀብሏል። አሮጌው ምስክርነት ያስቀነሰባት ነጥብ በሙሉ ተመልሶላታል። ከአራተኛነት ወደ ሁለተኛነት መጥታለች። አንደኛ የወጣው ከአረካ ያመለከተ ወጣት ነው፤ ሥራውን ሳያቋርጥ ያገለገለ። መመሪያው በመንግሥት ሥራ ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ነጥብ ይሰጣል። የሱቁ አራት ዓመት አይቆጠርም።

«ደብዳቤው ነጥቧን መለሰላት» አሉኝ ማርቆስ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቤ እየተቀመጡ፤ «ዓመቱን ግን ከየት እናምጣላት?»

አከራከርኋቸው። ዓመቶቹ የጎደሉት በእኔ ደብዳቤ ነው፣ ስለዚህ ይቆጠሩላት አልሁ። እሳቸውም በትዕግሥት መለሱልኝ፤ መመሪያው እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ወጣቱስ ምን በደለ? ልክ ናቸው። ያንን መመሪያ ሲያስተምሩን ደግሞ «ሰው አያየኝም ብሎ የሚያደላበት ቀዳዳ የለውም» ብዬ ያወደስሁት እኔ ነበርሁ። ለተሳሳተ ሰውም መመለሻ ቀዳዳ እንደሌለው አላስተዋልሁም።

ታደለች ተጠባባቂ ሆና ተመዘገበች።

ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ሦስት ወረቀት ፈርሜ ሦስቱንም ደግሜ አነበብኋቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

በደብዳቤ እንዲነገራት አልፈለግሁም። በሚኒባስ ሻንቶ ሄድሁ፤ ለራሴ ጥፋት የመንግሥት መኪና ማስነሣት አሳፈረኝ።

ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። የጎመን ዘር እየመዘነች አየችኝ፤ ሚዛኑን ጨርሳ፣ ቋጥራ፣ ለሴትዮዋ ሰጥታ ነው የመጣችው። «ሁለተኛ» አልኋት። ሌላ መግቢያ አላዘጋጀሁም። ነጥቧ እንደተመለሰ፣ የአገልግሎት ዓመቱ ግን እንዳልተቆጠረ ነገርኋት። ዝም አለች። ያንን ዝምታ ምን ብዬ እንደምመዘግበው አላውቅምና አልመዘገብሁትም። ቆሜ ጠበቅሁ።

«አንደኛው ማነው?» አለች በመጨረሻ። ነገርኋት። «እንሰት ያውቃል?» አለችኝ። ዲፕሎማ እንዳለው ተናገርሁ። «እንግዲያው ይማር። ለዳሰሳው ሲወጣ ሴቶቹን በአንድ ግቢ እንዳይሰበስባቸው ይንገሩት። አማቶቹን ለብቻ፣ መጀመሪያ። ለእነሱ መጀመሪያ ካልተነገረ ምራቶቹ የተማሩትን አንድ ዓመት ይደብቁታል። እኔም ያን ጊዜ የሳትሁት ይህን ነው፤ ከምራቶቹ ጀመርሁ።»

በእኔ ጥፋት ሥራ ያጣች ሴት ከጥፋቱ ላይ የራሷን ድርሻ ፈልጋ ስትወስድ ቆሜ ሰማሁ። እኔ በአራት ዓመት ያልቻልሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ያለችውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። የዘንድሮው የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ከዚህ ይጀምራል፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነም ስሟ ይጻፍበታል። ይህንንም ቃል ገባሁላት።

የአዲሱን ደብዳቤ ቅጂ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው» አለች። «ውሸት አይወድም። የዚያን ጊዜ ግን ለጉባኤው ሁሉ ‹ልጄ በራሷ ፈቃድ ተወችው› ብሎ ዋሸልኝ። ነገ ይህን ሰጥቼው ከውሸቱ ይረፍ።» ወረቀቱን አጥፋ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

ሸምሱ ከባንኮኒው ኋላ፣ «ወሰዷት ወይስ ተረፈችልኝ?» ብሎ ጠየቀ። ፊታችንን ሲያይ ገባውና ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥሁም።

ስንሰነባበት፣ ሌላ ክፍት ቦታ በወጣ ጊዜ እንደገና ታመለክት እንደሆነ ጠየቅኋት። የመጠየቅ መብት እንዳለኝ እርግጠኛ አልነበርሁም። ዓይኔን እያየች፣ «የሚመዝነኝ ማነው?» አለች።

«እኔ አልሆንም» አልኋት።

«እንግዲያው አመለክታለሁ» አለች። አልሳቀችም።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሶዶ ድረስ ይህን መልሷን ሳመላልሰው መጣሁ። ፍርድ ነው። ተስፋም አለበት። ሁለቱንም ተቀብያለሁ።